ፈረንጆቹ እዚህ ድረስ መጥተው አገራቸው ያለውን ዕቃ ለምን ይገዛሉ?

የሱሉልታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሱሉልታ ነው ያለሁት። ከእንጦጦ ተወርዶ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ማር፣ ጭኮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሰላሌ ቅቤ፣ ቡና፣ ጥቂት ሙዳይና ሞሰብ እሸጣለሁ። በሌላው መደርደሪያ ደግሞ እንደማንኛውም ሱቅ ለስላሳ፣ ውሃ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ሶፍት አለ። መንገዱ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ዓባይ በረሃ ስለሚሄድ የቱሪስት መኪና አይጠፋም። ሽንት ቤት ለመጠቀም፣ እግራቸውን ለማፍታታት ይቆማሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ቆመና ሰባት ሰው ወረደ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ቀጥ ብለው ወደ ማሩ መጡ። አነሱት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ክዳኑን አሸተቱ፣ ፈገግ አሉ። ሊገዙ ነው ብዬ መጠቅለያ ወረቀት መቅደድ ስጀምር ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ፍሪጁን ከፍተው ኮካ አወጡ። የቀሩትም እንደዚያው፤ ኮካ፣ ፕሪንግልስ፣ ስኒከርስ። አንዱ ልጅ ስኒከርሱን ሲያይ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ነው የሚመስለው፣ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍቶኛል። ብሩስ ገብቷል። ግን ማሩ የአጎቴ ቀፎ ማር ነው፣ ሲቆረጥ ቆሜ አይቼዋለሁ። ስኒከርስ እኮ የትም አለ። አገራቸውም፣ የተነሱበት ኤርፖርትም፣ ያደሩበት ሆቴልም አለ። ለልምምድ ሱሉልታ የሚከርሙት የውጭ ሯጮችም ያው ናቸው። በሶ ከፊታቸው ተደርድሮ የሚጠይቁኝ አጃና የኦቾሎኒ ቅቤ ነው፣ ያውም የሚያውቁት ማርክ ያለበትን።

ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሰው ተፈጥሮ ነው? ከቱሪስት ጋር የምትሠሩ፣ ውጭ አገር የሄዳችሁ፣ እስኪ ንገሩኝ። ነገሩን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሹፌሩ ከቡራዩ

እህቴ፣ መጀመሪያ አይክፋሽ። 11 ዓመት ቱሪስት አመላልሻለሁ። ጀርመኑም ጃፓኑም አሜሪካዊውም በዚህ ነገር አንድ ነው።

ሴትዮዋ ሱቅሽ ከመድረሳቸው በፊት ያሳለፉትን አስቢ። ከአገራቸው ሳይነሱ ሐኪም፣ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ፣ የታሸገ ብቻ፣ ጥሬ ሰላጣ ይተዉ፣ ፍራፍሬ ራስዎ ልጠው ይብሉ ብሎ ነው የሸኛቸው። ሌሊቱን በአውሮፕላን አሳልፈው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወርደዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። ከዚያ በጠዋት እንጦጦን አሻግሬ ወዳንቺ አመጣኋቸው። ከነቁበት ሰዓት ጀምሮ ያዩት ነገር ሁሉ ጥያቄ ሆኖባቸዋል። ይሄ ምንድን ነው? ስንት ነው? ይስማማኛል? ጉርሻ ስንት ልስጥ? ተታለልኩ እንዴ? አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ስትውዪ አእምሮ ይደክማል። ኮካ ግን ምንም አያስጠይቅም። ጣዕሙን ያውቁታል፣ ሆዳቸውን እንደማያምም ያውቃሉ፣ ብሩ ቢከብዳቸው እንኳ በግምት ይከፍላሉ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ድሮ ውሃ ስሰጣቸው ለክብር ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ነበር የምሰጠው። እኛ ጋ ለትልቅ ሰው ከፍቶ ማቅረብ ነው ወጉ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተቀብለው አመሰገኑኝ፣ ጠርሙሱን እስከ ማታ ይዘውት ዋሉ፣ አንዲት ጉንጭ አልቀመሱም። ማታ ሆቴል ሳደርሳቸው ውሃው እንደሞላ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በኋላ ነው የገባኝ። ክዳኑ ሲዞር ቀጭ የሚለውን ድምፅ ራሳቸው መስማት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ዝግ አድርጌ ነው የምሰጠው።

ስለዚህ ማርሽ በምን ዕቃ ነው ያለው? በሃይላንድ ከሆነ ነገሩ እዚያ ጋ ነው።

ሌላም አለ። ማር ኤርፖርት ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፣ ብዙ ኤርፖርት ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያሳልፉትም። ቅቤ ደግሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የወተትና የሥጋ ነገር አያስገቡም። እነሱ ይህን ያውቃሉ። አንቺ ኩራታቸው ሲመስልሽ እነሱ ሻንጣቸውን እያሰቡ ሊሆን ይችላል።

የሱሉልታዋ

አዎ በሃይላንድ ነው። በፈላ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ ነው የምሞላው። ንጹሕ ነው። ግን አሁን ሳስበው ሴትዮዋ ክዳኑን ሲያሸቱ አዞሩት እንጂ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ለገጣፎ ላይ ያለው

ሹፌሩ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። እኔ የተማርኩት ማርኬቲንግ ነው፣ ይሄ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የማስበው ነው። ሁለት የተለያየ ነገር ቀላቅለን እያየን ይመስለኛል። ሱሉልታ ላይ ስኒከርስ የሚገዛ ሰውና ፓሪስ ላይ የሉዊ ቪቶን ቦርሳ የሚገዛ ሰው ምክንያታቸው አይገናኝም። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ከውዱ ልጀምር። ሉዊ ቪቶን በ1854 ፓሪስ ውስጥ የተከፈተ ቤት ነው። የቻይና ቱሪስት እዚያ በር ላይ ተሰልፎ የሚቆመው ቦርሳው አገሩ ጠፍቶ አይደለም፣ ሻንጋይም ሱቅ አለው። ፓሪስ ላይ ግን ዋጋው ይረክሳል። አስመስለው የሠሩት ይሆን የሚል ስጋትም የለም፣ ከቤቱ ነዋ የገዛው። በዚያ ላይ የቫት ተመላሽ አለ። የፈረንሳይ ቫት 20 በመቶ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ቱሪስት ከ100 ዩሮ በላይ ከገዛ ሱቁ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ሲወጣ ኤርፖርት ላይ ያስመዘግብና ከፊሉን ያስመልሳል። ሙሉውን አያገኝም፣ መሃል ላይ ያለው አስመላሽ ድርጅት የራሱን ይቆርጣል። እንግሊዝ ይህን አሠራር በ2021 መጀመሪያ ስታቆም የለንደን ባለሱቆች እንግዳው ሁሉ ወደ ፓሪስና ወደ ሚላን ሄደብን ብለው ጮኸዋል፣ ጩኸቱ ዛሬም አላባራም። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ራሱ የተጀመረው በ1947 አየርላንድ፣ ሻነን ኤርፖርት ላይ ነው። ሰው ጉዞ ላይ ሲሆን ገንዘቡ ይፈታል፣ የሚያውቀውን ዕቃ በቅናሽ ካየ ደግሞ አያልፈውም። ይሄ ሒሳብ ነው።

የርካሹ ነገር ግን ሌላ ነው። ስኒከርስ ሱሉልታ ላይ አይረክስም፣ እንዲያውም ይወደዳል። እዚህ ጋ የሚሠራው መለመድ ነው። ሮበርት ዛዮንስ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1968 ያሳተመው ጥናት አለ። ቻይንኛ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የቻይንኛ ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችን አሳያቸው፣ አንዳንዱን አንዴ፣ አንዳንዱን ደጋግሞ። ትርጉሙ ጥሩ ነገር ይመስላችኋል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ደጋግመው ያዩትን ነው ጥሩ ነው ያሉት። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አያውቁም እኮ! ማየታቸው ብቻ በቃ።

አሁን እነዚያን ሰባት ሰዎች አስቢያቸው። ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም። ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ ያዩት ታፔላ ሁሉ ለእነሱ ሥዕል ነው። ሱቅሽ ገብተው ዓይናቸው አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሺህ ጊዜ ያዩት ቀይ ቀለም ላይ ያርፋል። ማርሽን አይተው የተዉት አይመስለኝም። ማርሽ ዓይናቸው ውስጥ ገና አልገባም።

ሀያት ከጀሞ

እኔ ስለ ፈረንጅ ብዙ አላውቅም፣ ስለ ራሳችን ግን ልናገር። ዕቃ ለማምጣት ጓንዡ አምስት ጊዜ፣ ዱባይ ከዚያ በላይ ተመላልሻለሁ።

ጓንዡ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሻንጣዬ ግማሹ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የጥርስ ሳሙና አለቀብኝ። ሱፐርማርኬት ገባሁ። የጥርስ ሳሙናው መደርደሪያ ከዚህ እስከዚያ ነው፣ ሠላሳ ዓይነት ይሆናል፣ ሁሉም በቻይንኛ። አንዱ ላይ የሻይ ቅጠል ተሥሏል፣ አንዱ ላይ ጨው ይሁን ምን እንጃ። ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምናላችሁ? ስለ ጥርስ ሳሙና አልነበረም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ነገር ማንበብ አለመቻል ነው። ከዚያ ታች ጥግ ላይ ኮልጌት አየሁ። ያዝኩትና ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። የቻይናው ይሻል ይሆናል፣ ይረክስም ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት አንድ ቤቴ ያለ ነገር ፈልጌ ነበር።

ስለዚህ የስኒከርሱን ልጅ አትቀየሚው። እሱን ልጅ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ።

ደግሞ እኛ ራሳችን በማርክ ነው የምንናገረው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ምንም ይሁን ምን ኦሞ ነው የምንለው። የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ ነው፣ ሃይላንድ እኮ የአንድ ውሃ ስም ነበር። ልጅ ልከሽ ኦሞ አምጣ ስትዪው ሌላ ማርክ ይዞልሽ ይመጣል፣ አንቺም ትቀበዪዋለሽ።

ሌላው ስጦታ ነው። ከዱባይ ስመለስ ዘመድ የሚያዘኝ ምንድን ነው? ናይኪ፣ አዲዳስ፣ ኒቪያ። ለምን? ስሙን ስለሚያውቀው። ለአክስቴ አንድ ጊዜ ከኒቪያ ጋር በጣም የሚያምር ስሙ የማይታወቅ ሽቶ አመጣሁላት፣ ከኒቪያው ሁለት እጥፍ ነበር ዋጋው። አገላብጣ አየችውና ጎረቤት ሲመጣ ያሳየችው ኒቪያውን ነው። ስጦታ ለሚቀበለው ሰው ዋጋው ካልታየው ሰጪው ይጎዳል። ቱሪስቱም እቤቱ የሚጠብቀው ሰው አለው። አንድ የማይታወቅ ነገር ይዞ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ከማስረዳት የሚታወቅ ነገር መያዝ ይቀለዋል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ስለ ቫትና ስለ ጥናቱ የተባለውን አልቃወምም። ግን ሁላችሁም ዙሪያውን እየዞራችሁ መሃሉን ተዋችሁት። እዚህ እኛ ጋ ያለው ትልቁ ችግር የፈረንጅ ዋጋ ነው።

እኔ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እሸጣለሁ፣ አባቴ ሸማኔ ነው፣ ከጋሞ ነው የመጣነው። ለብዙ ዓመት እንደ ሰፈሩ ሁሉ ነበርኩ። ሀበሻ ሲመጣ አንድ ዋጋ፣ ፈረንጅ ሲመጣ ሦስት እጥፍ። ይከራከራል ተብሎ ነው የሚጨመረው፣ ግን ብዙዎቹ መከራከር አይችሉም፣ ያፍራሉ። ዝም ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ነጠላ በሦስት እጥፍ ሸጬላት፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አጠገቤ ካለው ሱቅ ሀበሻ ጓደኛዋ ስትገዛ ዋጋውን ሰማችው። ተመልሳ መጣች። አልተቆጣችም። ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆማ አየችኝና ሄደች፣ ገንዘቧንም አልጠየቀችም። ያን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኮካ ሲገዙ ይሄ የለባቸውም። እኔም፣ አንቺም፣ ሹፌሩም፣ ፈረንጁም ስንገዛው ዋጋው ያው ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ይለያያል። የታወቀ ማርክ ስንል ግማሹ የታወቀ ዋጋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስመሰል ነው። ከቻይና ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ በጥቅል ይገባል። ሦስት ሜትር ርቀሽ ካየሽው ከእጅ ሽመናው አትለዪውም። አንዳንዱ ነጋዴ የታተመውን ሸማኔ የሠራው ነው ብሎ ይሸጣል። ቱሪስቱ ደግሞ ይህን በይነመረብ ላይ አንብቦ ነው የሚመጣው። ገብቶ ሁሉንም ይጠረጥራል፣ ሐቀኛውንም ጭምር። ታዲያ ማን ይፍረድበት?

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። አንደኛ፣ ሁሉም ልብስ ላይ ዋጋ ጻፍኩ፣ ለሀበሻም ለፈረንጅም አንድ። ጎረቤቶቼ ሁለት ወር አኮረፉኝ። ሁለተኛ፣ የታተመና የተሸመነ ጨርቅ ጎን ለጎን ሰቀልኩ። ፈረንጅ ሲገባ ሁለቱንም ገልብጬ ጀርባቸውን አሳያለሁ። የታተመው ከጀርባው ቀለሙ ይፈዛል፣ ጣትሽን ብታሳልፊበት ልሙጥ ነው። የተሸመነው ጥለት ግን ክሩ በጣት ይዳሰሳል፣ የት እንደገባና የት እንደተመለሰ ይታያል። ጣታቸውን ይዤ አስነካቸዋለሁ። ፊታቸው ያኔ ነው የሚለወጠው። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራም።

ስለዚህ የሱሉልታዋ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ማሩ ላይ ዋጋ ተጽፏል?

የሱሉልታዋ

አልተጻፈም። ከሰው ሰው የምለያይበት ጊዜም ነበር፣ አልዋሽም። ለሯጮቹ እንኳ ስለምንተዋወቅ ያው ዋጋ ነው፣ ለመንገደኛው ግን ጨምሬ አውቃለሁ። ጥያቄህ ልክ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ሩጫ

ስለ ሯጮቹ ብቻ አንድ ነገር። እኔም ሱሉልታ ነው የምሮጠው፣ አብሬያቸው ልምምድ እሠራለሁ። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ነው፣ የሚመጡት ለአየሩ ነው፣ ሁለት ወር ሦስት ወር ይቀመጣሉ። በሩጫ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ውድድር ሲቀርብ አዲስ ምግብ አይሞከርም፣ አዲስ ጫማም አይደረግም። ለወራት የለፋህበት ነገር በአንድ ሆድ ቁርጠት ይበላሻል። አጃና የኦቾሎኒ ቅቤ የሚፈልጉት ለዚህ ነው፣ በሶን ንቀው አይደለም። እኛም ውጭ ስንወዳደር በሶ ይዘን ነው የምንሄደው፣ ሆቴሉ ቁርስ ሞልቶት።

ግን መጀመሪያ ሲመጡ፣ ውድድራቸው ገና ሩቅ ሲሆን ያኔ አስቀምሻቸው። እኔ አንዱን ልጅ ከረጅም ሩጫ በኋላ በሶ በማር በጥብጬ ሰጠሁት። ደረቅ ዱቄት ሲያይ ፈርቶ ነበር፣ ገብስ ተቆልቶ ነው የተፈጨው ስለው ቀለለው። ገብስን ያውቀዋል። አሁን አገሩ ይዞ ይሄዳል። በሶው ላይ «የተቆላ ገብስ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊበት፣ እመኚኝ።

ቡና ቀማሽ

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ግን ቡናውን ማንም ስላላነሳው ልናገር። የምኖረው ሰንዳፋ ነው፣ የምሠራው ቡና ላይ ነው።

ቱሪስት የሚያውቀውን ነው የሚገዛው ካልን ከእኛም የሚያውቁት አለ እኮ! ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ፣ ሐረር። እነዚህን ስሞች ለንደንና ቶኪዮ ያለ ቡና ጠጪ እሽጉ ላይ አንብቧቸዋል። ይሄ በዕድል አልመጣም። መንግሥታችን በ2005 (በፈረንጅ) እነዚህን ሦስት ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት ተቃውሞ ገጠመው፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ብዙ ተነታረከ፣ በመጨረሻ በ2007 ተስማሙ። ክርክሩ ስለ ስም ነበር። ስሙ የማን ነው፣ ከስሙ ማን ይጠቀማል ነው ነገሩ። ያኔ ብዙ ሰው በስም መጣላት ምን ይጠቅማል ሲል ነበር። ይኸው ጥቅሙ፤ ፈረንጅ ሱቅሽ ገብቶ የሚያውቀውን ስም ሊፈልግ ይችላል።

አሁን ንገሪኝ፣ ቡናሽ ላይ ምን ተጽፏል? «ቡና» ብቻ ከሆነ ያን ሁሉ ድካም ሜዳ ላይ ጥለሽዋል። የጅማ ከሆነ ጅማ በዪ፣ የሊሙ ከሆነ ሊሙ በዪ። ይርጋጨፌ ያልሆነውን ግን በምንም ተዓምር ይርጋጨፌ እንዳትዪ። ቡና የሚያውቅ ሰው ሲቀምሰው ያውቅሻል፣ የሽሮ ሜዳው ልጅ ያያት ዓይን አንቺም ጋ ይመጣል።

ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ፣ ከጃፓን። ኪት ካት የእንግሊዝ ቸኮሌት ነው፣ ጃፓን የገባው በ1973 ነው። በ2004 የአረንጓዴ ሻይ ጣዕም ያለውን አወጡ፣ ከዚያ እያለ እያለ ከ300 በላይ ዓይነት ሠርተዋል፣ በየአውራጃው የራሱ ጣዕም አለው። ስሙ በጃፓንኛ «በእርግጥ ታሸንፋለህ» ከሚለው አባባል ጋር ስለሚመሳሰል ለተፈታኝ ተማሪ በስጦታ ይሰጣል። ዛሬ ጃፓን የሚሄድ ቱሪስት ሻንጣውን በኪት ካት ሞልቶ ነው የሚመለሰው። የሚያውቀው ነገር ነው፣ ግን እቤቱ የሌለ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኝ እጁ አያመነታም።

እኛም ጋ ይሄ አለ። ኮካ አዲስ አበባ ውስጥ መሞላት የጀመረው በ1959 (በፈረንጅ) ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ስሙ በፊደላችን ተጽፏል። ፈረንጆች ባዶውን ጠርሙስ ይዘው መሄድ እንደሚፈልጉ ሹፌሩ ሳያውቅ አይቀርም።

ሹፌሩ ከቡራዩ

እንዴታ! በየጊዜው ነው። ባለሱቁ ጠርሙስ መልሱ ይላል፣ እነሱ አንሰጥም ይላሉ፣ እኔ መሃል ገብቼ የጠርሙሱን አስከፍላለሁ። አንዱ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ «ኮ» የትኛው ነው ብሎ ጠይቆኝ፣ አሳየሁት፣ እስከ ደብረ ሊባኖስ ድረስ በየታፔላው ላይ «ኮ» ሲፈልግ ዋለ። ባገኘ ቁጥር እንደ ሕፃን ይጮሃል። ከዚያ በኋላ የቆምንበት ቦታ ሁሉ ምን ተጽፏል እያለ ይጠይቅ ነበር፣ ሲመለስ ከመንገድ ላይ ቆሎ በልቷል፣ ጠዋት ስሰጠው እምቢ ያለውን ቆሎ ማለት ነው።

የሱሉልታዋ፣ ያንን የኮካ ፍሪጅ ከማሩ ራቅ ያለ ጥግ ላይ ካደረግሽው አጠገቡ አምጪው። ለኮካ ይመጣሉ፣ መምጣታቸው አይቀርም። ሲመጡ ማሩ እዚያው ይሁን።

የሱሉልታዋ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጀሞዋ ሀያት፣ የጥርስ ሳሙናው ነገር ሆዴን በላኝ፣ ያን ልጅ እንደገና ባየው ስኒከርሱን በፈገግታ ነው የምሰጠው።

ዛሬ መርካቶ ወርጄ የማርማላታ ጠርሙስ ገዛሁ፣ ትንንሹን፣ 24 ፍሬ። ክዳኑ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ማተሚያ ቤት አዝዣለሁ፣ ሲከፈት የሚቀደድ እንዲሆን። ወረቀቱ ላይ ማሩ የተቆረጠበትን ወርና ቦታውን እጽፋለሁ። ዋጋ ዛሬ ማታ ለሁሉም ለጥፌ ነው የምተኛው፣ ለሁሉም አንድ ዋጋ። ቡናው የሊሙ ነው፣ ከምገዛበት ሰው ደውዬ አረጋገጥኩ። ቅቤውን ለሀገሩ ሰው ትቼዋለሁ። ፍሪጁን ወንድሜ ነገ ያዛውርልኛል።

አንድ ያልገባኝ ነገር፣ ማር ለማስቀመስ የብረት ማንኪያ ይሻላል ወይስ የሚጣል? ታጥቦ የተመለሰ ማንኪያ እንዳይፈሩ ብዬ ነው።

ሹፌሩ ከቡራዩ

የሚጣል ይሁን፣ የእንጨት ካገኘሽ የበለጠ። ከታሸገ ፓኮ ውስጥ ፊታቸው አውጪው። ማሩ ደግሞ በሱሉልታ ብርድ ከረጋ እንዳታሞቂው፣ እንደረጋ አስቀምሺያቸው፣ አገራቸውም የረጋ ማር ይበላሉ። ቅዳሜ ደብረ ሊባኖስ የሚሄዱ አምስት ሰዎች አሉኝ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንቺ ጋ እቆማለሁ።